ፓራሳይቱ ቀይ ሴል ውስጥ ተደብቆ እያለ ሰውነታችን በምን ይነቃል? የወባ ትኩሳትና ብግነት ከየት እንደሚመጣ

የተጠየቀው ይሄ ነው፦ «የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። የወባ መድሃኒት ጨርሶ የመጣ በሽተኛ ስላይድ ሳይ ፓራሳይት የለም፣ ግን ነጭ ሴሎቹ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ነገር አለ፣ ፒግመንት ነው ተባልኩ። የወባ ትኩሳት የሚመጣውም ፓራሳይቱ በሚለቀው ቆሻሻ ነው ይላሉ። ቆሻሻ ሲባል በትክክል ምንድነው? ሰውነታችንስ ለምን እንደዛ ይቆጣል? ደግሞ ሰውን የሚጎዳው ብግነቱ ከሆነ ለምን ስቴሮይድ ሰጥተን አናበርደውም?»

እህቴ፣ ሶስቱ ጥያቄሽ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ከመሃሉ ብጀምር ይሻላል። ሲጀመር የወባ ፓራሳይት እንደ ኮሌራ ወይ እንደ ቴታነስ ባክቴሪያ ተለይቶ የሚታወቅ መርዝ አያመርትም። እሱ የሚያውቀው መብላት፣ መባዛትና ሴሉን ቀዶ መውጣት ነው። ሲበላ የሚተርፈው፣ ሲባዛ የሚያጠራቅመው፣ ሲወጣ ጥሎት የሚሄደው ነገር ነው እንግዲህ ደም ውስጥ ሲፈስ መከላከያ ሴሎቻችንን የሚያስቆጣው። እና «ቆሻሻ» ሲባል አንድ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ቢያንስ አራት አምስት ዓይነት ነው፣ እያንዳንዱንም የሚያውቀው ሪሴፕተር (ሴሎቻችን ባዕድ ነገር የሚለዩበት ፕሮቲን) ለየቅል ነው። ብዙ ሰው ሄሞዞይንን፣ ማለትም አንቺ ያየሽውን ፒግመንት፣ ብቻ ጠርቶ እዛው ላይ ያቆማል፣ እኔ ግን ሄሞዞይን ብቻውን ይሄን ሁሉ ትኩሳት ያመጣል ብዬ አላምንም፣ ምክንያቴን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ መደበቁን እንይ። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፣ ሌሎች ሴሎች ውስጣቸው ባዕድ ነገር ሲገባ ቲ ሴል ለሚባለው መከላከያ ሴል የሚያሳዩበት ኤምኤችሲ የሚባለው ፕሮቲንም የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ለፓራሳይቱ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አይገኝም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ፓራሳይት ዓይነት ገብቶ ቀለበት የመሰለ ሪንግ ይሆናል፣ ሲያድግ ትሮፎዞይት፣ ከዛ ስኪዞንት ሆኖ ከ16 እስከ 32 የሚደርሱ ሜሮዞይቶች (ሌላ ቀይ ሴል የሚይዙ አዳዲስ ፓራሳይቶች) ያወጣል፣ ይሄ ሁሉ 48 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ካሚሎ ጎልጂ ጣልያን ውስጥ በ1880ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የበሽተኞችን ደም እየደጋገመ አይቶ ብርዱና እንቅጥቅጡ የሚነሳው ልክ ፓራሳይቶቹ ሴል ቀደው በሚወጡበት ሰዓት እንደሆነ አሳየ፣ ባንዱ ዓይነት ወባ በየ48 ሰዓቱ፣ በሌላው በየ72 ሰዓቱ። በነገራችን ላይ ፋልሲፓረም በሽተኛ ላይ ይሄ ሰዓት የጠበቀ ትኩሳት ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ምክንያቱም እድሜያቸው የተለያየ ፓራሳይቶች አብረው ስለሚኖሩ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ገና እያደገ ነው፣ ስለዚህ «ትኩሳቱ ቀን እየዘለለ ካልመጣ ወባ አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

አሁን የበሰለ ስኪዞንት ስላይድ ላይ አስቢው። ሜሮዞይቶቹ ዙሪያውን ተጠጋግተው ይታያሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጠቆር ያለ ክምር አለ። ጊዜው ሲደርስ ሴሉ በሰከንዶች ውስጥ ይቀደዳል፣ ሜሮዞይቶቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቀይ ሴል ፈልገው ይገባሉ፣ ያ ጠቆር ያለ ክምር ግን ከነከረጢቱ ደም ውስጥ ይቀራል። አብሮት የሚፈሰው ደግሞ የፓራሳይቱ ዲኤንኤ፣ የሽፋኑ ቅባት፣ ተጠራቅሞ የነበረ ሃይፖዛንቲን (ዲኤንኤ የሚሰራበት ጥሬ ዕቃ)፣ ያልተበላ ሄሞግሎቢን፣ ሌላም ሌላም ነው። ብዛቱን ለመገመት ትንሽ ሂሳብ እንስራ፦ ስላይድ ላይ በማይክሮሊትር 50 ፓራሳይት ብቻ ብትቆጥሪ ያ በጣም ትንሽ ነው አይደል፣ ግን የትልቅ ሰው ደም 5 ሊትር ቢሆን 5 ሚሊዮን ማይክሮሊትር ነው፣ ስለዚህ 250 ሚሊዮን ፓራሳይት ማለት ነው። ከነዚህ አብዛኛው በተቀራረበ ሰዓት ሲፈነዳ የሚለቀቀው ነገር ትንሽ አይደለም።

እሺ ወደ ፒግመንቱ። ፓራሳይቱ ሴሉ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ከግማሽ በላዩን ይበላዋል። የሚፈልገው አሚኖ አሲዱን ነው፣ መብላቱ ደግሞ ለማደጊያ ቦታም ያስገኝለታል (የሚገርመው የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ውስጥ አይሶሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስለሌለ እሱን ከውጪ ከፕላዝማ ነው የሚያስገባው)። ችግሩ ግሎቢኑ ተፈጭቶ ሲያልቅ ሄም ይቀራል፣ ሄም ደግሞ መሃሉ ብረት ያለው ሞሊኪውል ስለሆነ ልቅ ሲሆን የሴል ሽፋን ያበላሻል፣ ፓራሳይቱን ራሱን ይገድለዋል። እኛ ሄም ኦክሲጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም እንሰባብረዋለን፣ ፓራሳይቱ ግን ሌላ መላ ነው ያለው፣ ሄሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እያጋጠመ የማይሟሟ ክሪስታል ያደርጋቸዋል። ሄሞዞይን ማለት ይሄ ክሪስታል ነው። ክሎሮኪንም የሚሰራው ክሪስታሉ እንዳይሰራ አግዶ ፓራሳይቱ በራሱ ትርፍ ሄም እንዲመረዝ በማድረግ ነው። የወባ ታሪክም ከዚሁ ፒግመንት ጋር የተሳሰረ ነው፣ ላቬራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ፓራሳይቱን ያገኘው የወታደሮች ደም ውስጥ ያለውን ፒግመንት ሲመረምር ነው፣ ሮናልድ ሮስም በ1897 ህንድ ውስጥ የወባ ትንኝ ሆድ ላይ ያየውን ነገር የወባ ነው ብሎ የጠረጠረው ያንኑ ፒግመንት ስላየበት ነው።

አንቺ ያየሽው ጥቁር ቡናማ ነገርም ይሄው ነው። ጊምሳ ቀለም አይነካውም፣ ቀለሙ የራሱ ነው፣ ፋይን ፎከሱን ትንሽ ከፍ ዝቅ ስታደርጊው ብልጭ ይላል፣ ፖላራይዝድ ብርሃን ያለው ማይክሮስኮፕ ካገኘሽ ደግሞ ጨለማ ላይ ቦግ ብሎ ይታይሻል። የቀለም ዝቃጭ ከሆነ ግን እንደዛ አያበራም፣ ከሴሉ ውጪም በየቦታው ተበትኖ ታገኚዋለሽ፣ በዚህ ትለዪዋለሽ። ነጭ ሴል ውስጥ የገባው ሞኖሳይትና ኒውትሮፊል የሚባሉት የነጭ ሴል ዓይነቶች ክምሩን ስለሚውጡት ነው፣ ከዋጡት በኋላ ግን የሚፈጩበት መንገድ የላቸውም። ፓራሳይቱ በመድሃኒት ከጠፋ በኋላ ፒግመንት የዋጡ ኒውትሮፊሎች 3 ቀን ገደማ ደም ውስጥ ይቆያሉ፣ ሞኖሳይቶቹ ግን ከሳምንት በላይ ሊታዩ ይችላሉ፣ ጣፊያና ጉበት ውስጥ የገባው ደግሞ ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ያንቺ በሽተኛ በቅርብ ጊዜ ወባ ነበረበት ማለት ነው እንጂ መድሃኒቱ አልሰራም ማለት አይደለም። ኃይለኛ ወባ ይዞት የተኛ በሽተኛ ላይ ግን ፒግመንት የያዙ ኒውትሮፊሎችን መቁጠር ዋጋ አለው፣ ከመቶ ከ5 በላይ ከሆኑ መጥፎ ምልክት ነው፣ ስላይዱ ላይ ጥቂት ፓራሳይት ቢኖር እንኳ ብዙ ፓራሳይት ውስጥ አካል ላይ ተጣብቆ በቅርቡ እንደፈነዳ ይናገራል። ይሄን ሪፖርት ላይ የሚጽፍ ላብራቶሪ ጥቂት ነው፣ እኔ ሁሌ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ሄሞዞይኑ ታዲያ እንዴት ነው የሚያስቆጣው? እዚህ ላይ ሳይንሱ ራሱ ተከራክሮበታል። በ2005 የወጣ ጥናት ሄሞዞይን ቲኤልአር 9 የሚባለውን ሪሴፕተር በቀጥታ ያነቃል አለ። ቲኤልአር 9 ግን ሥራው የባዕድ ዲኤንኤ ማወቅ ነው፣ የሄም ክሪስታል ከዲኤንኤ ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ ተነሳ። በ2007 ሌሎች ተመራማሪዎች ሄሞዞይኑን ዲኤንኤ በሚቆራርጥ ኢንዛይም አጥበው ሲሞክሩት ቲኤልአር 9ን ማነቃቱ ጠፋ። ማለትም ክሪስታሉ ላይ የፓራሳይቱ ዲኤንኤ ተለጥፎበት ነበር፣ የሚያስቆጣው ዲኤንኤው ነው፣ ክሪስታሉ ጭኖ ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስገባው ነው። እኔ ይሄኛው ማብራሪያ ነው የሚያሳምነኝ፣ ቅድም ሄሞዞይን ብቻውን አይደለም ያልኩሽም ለዚህ ነው። ዲኤንኤ ብቻውን ደም ውስጥ ቢፈስ ቶሎ ተቆራርጦ ያልቃል፣ ቲኤልአር 9 ደግሞ ያለው ሴሉ ላይ ሳይሆን ሴሉ ውስጥ ባለው የመዋጫ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል።

ክሪስታሉ ራሱ ግን ንጹህ ነው ማለቴ አይደለም። ማክሮፌጅ (ባዕድ ነገር የሚውጥ መከላከያ ሴል) ውጦት ከረጢቱ ውስጥ ሲያከማቸው ከረጢቱ ይጎዳል፣ ይዘቱ ወደ ሴሉ ይፈሳል፣ ፖታሲየም ከሴሉ ይወጣል፣ ይሄኔ ኤንኤልአርፒ3 ኢንፍላማሶም የሚባለው የፕሮቲን ስብስብ ይገጣጠማል፣ እሱ ካስፔዝ 1ን ያነቃል፣ ካስፔዝ 1 ደግሞ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን ከጥሬ ፕሮቲኑ ቆርጦ ዝግጁ ያደርገዋል። ኢንተርሉኪን 1 ቤታ ደግሞ ዋነኛው የትኩሳት ሳይቶካይን (መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ነው፣ ወደ አንጎል ሄዶ ሃይፖታላመስ አካባቢ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንዲመረት ያደርጋል፣ የሙቀት መጠኑ ከፍ ይላል፣ ሰውነት አዲሱ መጠን ላይ እስኪደርስ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ በሽተኛው በርዶኛል ይላል እየነደደ።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ፣ ይሄ ነገር ሁለት ትእዛዝ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ጥሬውን ኢንተርሉኪን 1 አምርት የሚል ነው፣ እሱ የሚመጣው ከቲኤልአር ሪሴፕተሮች ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁረጠውና ልቀቀው የሚለው ነው፣ እሱ ከክሪስታሉ ይመጣል። አንዱ ብቻ ከሆነ ብዙ አይወጣም። አንድ ስኪዞንት ሲፈነዳ ግን ሁለቱም አንድ ላይ፣ በዛው ክምር ላይ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ዲኤንኤና ጂፒአይ የመጀመሪያውን፣ ሄሞዞይንና ዩሪክ አሲድ ሁለተኛውን (ጂፒአይና ዩሪክ አሲድ ምን እንደሆኑ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ)። ለኔ የወባ ብግነት ዋናው ነገር ይሄ መገጣጠሙ ነው፣ አንዱን ለይተሽ ላብራቶሪ ውስጥ ስትሞክሪው ደካማ የሚመስለው ነገር ታማሚው ደም ውስጥ ከሌላው ጋር ሲሆን ኃይለኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጂፒአይ ያልኩሽ የፓራሳይቱ ፕሮቲኖች ሽፋኑ ላይ የሚተከሉበት ስኳርና ቅባት ያለው መልህቅ ነው። እኛም አለን፣ የፓራሳይቱ ግን የስኳሩ ሰንሰለትና የቅባቱ አሰካክ ይለያል፣ ማክሮፌጅ በዋነኝነት በቲኤልአር 2 ያውቀዋል፣ በመጠኑም በቲኤልአር 4። በ1993 የታተመ ስራ የተጣራ ጂፒአይ ብቻውን ማክሮፌጆችን ቲኤንኤፍ የሚባል ሌላ የብግነት ሳይቶካይን እንደሚያስለቅቃቸውና አይጥ ላይ ትኩሳትና የስኳር ማነስ እንደሚያመጣ አሳየ፣ ያኔ «የወባ ቶክሲን ተገኘ» ተብሎ ነበር። በ2002 ደግሞ በላብራቶሪ የተሰራ የጂፒአይ ስኳር ለአይጦች ተከትቦ ፓራሳይቱ ሳይቀንስ በሽታው ቀለለላቸው። ፓራሳይቱ አለ፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ ግን አልታመሙም፣ ወይም ከሌሎቹ ባነሰ ታመሙ። ፓራሳይቱና በሽታው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሙከራ ትንሽ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይወራለትን፣ እኔ ግን በጣም የምወደውን ልንገርሽ፣ ዩሪክ አሲድን። የወባ ፓራሳይት ዲኤንኤ ለመስራት የሚያስፈልገውን ፕዩሪን ከባዶ መስራት አይችልም፣ ኢንዛይሞቹ የሉትም፣ ስለዚህ ከኛ ነው የሚወስደው፣ በተለይ ሃይፖዛንቲን። በሁለት ቀን ውስጥ እስከ 32 ኮፒ ጂኖም መስራት ስላለበት ብዙ ያጠራቅማል፣ ከሚፈልገውም በላይ ይሰበስባል። ሴሉ ሲቀደድ የተረፈው ሃይፖዛንቲን ይፈሳል፣ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ሃይፖዛንቲኑን ወደ ዛንቲን፣ ዛንቲኑን ወደ ዩሪክ አሲድ ይቀይረዋል። ከዛም በላይ ፓራሳይቱ በሚኖርበት ከረጢት ውስጥ ራሱ የዩሪክ አሲድ ዝቃጭ ተገኝቷል፣ ሴሉ ሲፈነዳ ይወጣና እዛው ይሟሟል። ዩሪክ አሲድ ማለት የሪህ በሽተኛ መገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል ሰርቶ የሚያቃጥለው ያው ነገር ነው፣ የሚያነቃውም ያንኑ ኤንኤልአርፒ3 ኢንፍላማሶም ነው። በ2008 የወጣ ጥናት በወባ የተያዙ ቀይ ሴሎች ማክሮፌጆችን ቲኤንኤፍ እንዲያመርቱ የሚያደርጉት በከፊል በዚሁ ዩሪክ አሲድ እንደሆነ አሳይቷል፣ ዩሪክ አሲዱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጨመር ምላሹ ቀነሰ። ኃይለኛ ወባ ያለባቸው ህጻናት ደም ውስጥም ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ እዛ ላይ ግን ኩላሊቱም ስለሚጎዳ ማስወገዱ ይቀንሳል፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ነገር ደግሞ፣ አይጥ ዩሪኬዝ የሚባል ዩሪክ አሲድ የሚያፈርስ ኢንዛይም አላት፣ እኛ የለንም፣ ስለዚህ አይጥ ላይ የተሰራ የወባ ጥናት ይሄን ክፍል አሳንሶ ሊያሳየን ይችላል፣ ጽሁፍ ስታነቢ ይሄን አስታውሺ።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ ላይ ነው። ቲ ሴሎችም ግን የራሳቸው አለ። ፓራሳይቱ ውስጥ አፒኮፕላስት የሚባል ትንሽ አካል አለ፣ ድሮ ከአልጌ የመጣ፣ እጽዋትና ብዙ ባክቴሪያዎች የሚጠቀሙበትን ኬሚካላዊ መንገድ ተከትሎ አይሶፕሪኖይድ የሚባሉ ነገሮች ይሰራል። መሃል ላይ የሚፈጠር ኤችኤምቢፒፒ የሚባል ሞሊኪውል አለ፣ የሰው ሴል ይሄን ጨርሶ አይሰራም። ጋማ ዴልታ የሚባሉት ቲ ሴሎቻችን ውስጥ አንዱ ዓይነት ይሄን ሞሊኪውል እጅግ በጣም ጥቂት ቢሆን እንኳ ይለየዋል፣ ሞሊኪውሉ ቢውቲሮፊሊን የሚባል ፕሮቲን ላይ ከውስጥ በኩል ይጣበቅና ቅርጹ ሲቀየር ቲ ሴሉ ከውጪ ያውቃል፣ ከዛ ኢንተርፌሮን ጋማና ቲኤንኤፍ ይለቃል። ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ ማክሮፌጆቹን ይበልጥ ቁጡ ያደርጋቸዋል፣ ስለዚህ ቅድም ያየነው ሁሉ ይባባሳል። ይሄው ሞሊኪውል በ2017 በታተመ ጥናት ሌላ ነገርም ተገኘበት፣ ቀይ ሴሎች የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሽታ ያላቸው ጋዞች እንዲበዙ አድርጎ የወባ ትንኝን ይስባል፣ የጠጣችውም ደም እንዲበዛ ያደርጋል። አንድ ትርፍ ኬሚካል ታማሚውንም ትንኟንም እንዲህ መንካቱ ሁሌ ይገርመኛል።

ልቅ ሄምንም መርሳት የለብንም። ሴሎቹ ሲፈነዱ ፓራሳይቱ ያልበላው ሄሞግሎቢን ፕላዝማ ውስጥ ይፈሳል። ሃፕቶግሎቢንና ሄሞፔክሲን የሚባሉት የኛ ፕሮቲኖች እየያዙ ወደ ጉበት ይወስዱታል፣ ግን ብዛቱ ከአቅማቸው ሲያልፍ ሄሙ ልቅ ይቀራል፣ ቲኤልአር 4ን ያነቃል፣ የደም ስሩን ግድግዳ ይጎዳል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ደግሞ ልቅ ሄሞግሎቢን ናይትሪክ ኦክሳይድን ይበላል፣ ፓራሳይቱ በበኩሉ አርጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሰራበትን አርጂኒን ያሟጥጣል፣ ስለዚህ ደም ስሩ ከሁለት በኩል ይጎዳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያንስ ደም ስር ይጠባል፣ ግድግዳውም ተጣባቂ ይሆናል።

ይሄ ወደ «ለምን ይገድላል» ያመጣናል። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 1 የደም ስር ግድግዳ ላይ አይካም 1 የሚባል ማጣበቂያ ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋሉ። ፋልሲፓረም ደግሞ የያዘው ቀይ ሴል ላይ ፒኤፍኢኤምፒ1 የሚባል የራሱን ፕሮቲን ያወጣል፣ በሱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ጣፊያ እንዳያጠፋው። ስለዚህ ብግነቱ በበዛ ቁጥር መጣበቂያው ይበዛል፣ ብዙ ፓራሳይት በአንጎል ትንንሽ ደም ስሮች ውስጥ ይጣበቃል፣ እዛው ይፈነዳል፣ እዛው ዲኤንኤውን ጂፒአዩን ሄሙን ይለቃል፣ ብግነቱ እዛው ይጨምራል። ኦክስጅን ያልደረሰው ህዋስ ላክቴት ያመርታል፣ ፓራሳይቱም ግሉኮስ በጣም እየበላ ላክቴት ያመርታል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ስኳር ይወርዳል። ሰረብራል ማላሪያ (አንጎልን የሚጎዳ ኃይለኛ ወባ) ያለበት ህጻን ላይ በአንድ ጊዜ የምናየው ይሄን ሁሉ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው እንደዚህ አይሆንም? ወባ በሚበዛበት ቦታ ያደገ ሰው ፓራሳይት ደሙ ውስጥ ይዞ ትኩሳት ሳይኖረው ሊዞር ይችላል፣ አዲስ መንገደኛ ግን በጥቂት ፓራሳይት ይወድቃል። ሰውነት ሲደጋገምበት ምላሹን ይቀንሳል፣ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለው አብራጅ ሳይቶካይን ይጨምራል፣ ጋማ ዴልታ ቲ ሴሎቹም ይቀንሳሉ ወይ ይረጋጋሉ። ይሄ ድሮም ታይቷል፣ በ1917 ቫግነር ያውሬግ የሚባል ኦስትሪያዊ ሀኪም አንጎል ውስጥ የገባ ቂጥኝን ለማከም ብሎ በሽተኞቹን ሆን ብሎ ወባ ማስያዝ ጀመረ (በ1927 ኖቤል ተሸለመበት፣ አሁን በጭራሽ የማይፈቀድ ነው)፣ በዛ ህክምና ላይ ከጥቂት ዙር ትኩሳት በኋላ ፓራሳይቱ እያለ ትኩሳቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ስቴሮይዱ። ሃሳብሽ ምክንያታዊ ነው፣ ሰዎችም አስበውት ሞክረውታል፣ ውጤቱ ግን ጥሩ አልነበረም። በ1982 ታይላንድ ውስጥ ሰረብራል ማላሪያ ያለባቸው 100 ሰዎች ላይ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ተሞከረ፣ ሞትን አልቀነሰም፣ ይልቁንም የተረፉት ኮማ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ረዘመ፣ የሳንባ ምችና የሆድ መድማትን የመሰለ ጣጣም በዛ። ከዛ በ1990ዎቹ ጋምቢያ ውስጥ ቲኤንኤፍን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ለህጻናት ተሰጠ፣ ሞት አልቀነሰም፣ እንዲያውም በህይወት የተረፉት ላይ የነርቭ ጉዳት ጨመረ። ይሄ ሁለተኛው ሙከራ ሳነበው ሁሌ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሃሳቡ ላይ ስህተት ያለ አይመስልም ነበር። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በሽተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ቲኤንኤፍ ስራውን ሰርቶ ጨርሷል፣ ሴሎቹ ተጣብቀዋል፣ ደም ስሩ ተዘግቷል፣ አንዱን ሳይቶካይን ብትይዢ ከሌላ አምስት አቅጣጫ ሌላው ይመጣል፣ ከዛም በላይ ይሄው ብግነት ፓራሳይቱንም የሚያጠፋው ነው። ስለዚህ ለወባ ብሎ ስቴሮይድ አይሰጥም።

የሰራው ነገር ምንጩን ቶሎ መዝጋት ነው። አርቴሱኔት የሚባለው የወባ መድሃኒት ከድሮው ኩዊኒን የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ገና ሪንግ ላይ ያሉትንም መግደሉ ነው፣ ስኪዞንት ሆነው ሳይጣበቁና ሳይፈነዱ፣ ማለትም ያ ሁሉ ክምር ሳይለቀቅ። በ2005 እስያ ውስጥ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በኩዊኒን የታከሙት ላይ 22 በመቶ የነበረው ሞት በአርቴሱኔት 15 በመቶ ሆነ፣ በ2010 የአፍሪካ ህጻናት ላይ ደግሞ ከ10.9 ወደ 8.5 በመቶ ወረደ። ምንም ፀረ ብግነት መድሃኒት ይሄን ያህል ነፍስ አላዳነም።

ከተጨማሪ ህክምናዎች ውስጥ እኔ ተስፋ የማደርግበት ሳይቶካይኑን ሳይሆን ራሱን ትርፉን የሚነካው ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ሁላችንም ለትኩሳት ነው የምናውቀው፣ ግን ልቅ ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው የሄም ብረት ቅባቶችን እንዳያቃጥል የማድረግ ጸባይም አለው። ባንግላዴሽ ውስጥ ኃይለኛ ወባ ያለባቸው አዋቂዎች ላይ በየ6 ሰዓቱ 1 ግራም ለ72 ሰዓት ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በ2018 ሲታተም የኩላሊታቸው ሁኔታ ካልወሰዱት የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ ልቅ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለው ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ። ይሄ ሆስፒታል ውስጥ በሀኪም ክትትል የተደረገ ነው፣ ጉበት የሚጎዳ መድሃኒት ስለሆነ ማንም ቤቱ ሆኖ መጠን እንዲጨምር አይደለም፣ አርቴሱኔቱንም አይተካም።